የክፍያ ድረ ገጽም ጠባቂ ይሻል

በዚህ ወር ልናወያያችሁ የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንዱ የባለሙያ ነገር እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ መስሎ አይታየው ይሆናል። ነገር ግን ከሐይቅና ከአምባሰል ወጥተው በአዲስ አበባ፣ በዐረብ አገርና በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው ዕድር፣ ለተወለዱበት ደብር ወይም ለሚያነቡት መጽሔት የሚከፍሉት ወርኃዊ ገንዘብ ከእጅ ወደ ስልክና ወደ ድረ ገጽ እየተዛወረ ስለ ሄደ፣ ነገሩ የሁላችንንም ደጅ አንኳኩቷል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በእጅ ስልክ መክፈል ለገጠሩ ሰው እንኳ እንግዳ መሆኑ እየቀረ ነው።

በቀድሞው ልማድ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ መዝገቡን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ከፋዩም ስሙ ሲጻፍ በዐይኑ ያያል። ያልከፈለ ቢኖር በዚያው ይጠየቃል። በድረ ገጽ ግን የባንክ ካርዱ አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ገንዘቡ በየወሩ በራሱ ይቀነሳል፤ የሚያይ ሰው የለም። ስለዚህም ጕድለት ሲደርስ ያለ ድምፅ ይደርሳል። የአንድ ልጅ ካርድ ጊዜው አልፎበት ክፍያው ቢቋረጥና ድረ ገጹም የማስጠንቀቂያ መልእክት መላኩን ካቆመ ቢሰነብት፣ ልጁ እንደ ከፈለ፣ ዕድሩም እንደ ተወው ያስባሉ። ይህ ሁሉ የሚገለጠው ምናልባት ሐዘን በደረሰ ዕለት፣ «ውዝፍ አለባችሁ» ሲባል ነው። ጥፋቱ የማሽን ቢሆንም ሐፍረቱ የሰው ነው።

እንግዲህ ጥበቃው ከምን ይጀምራል? ያለንን ከማወቅ ይጀምራል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በነበሩት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ላይ ለገዳሙ የተሰጡት መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። የተመዘገበ ንብረት ሲጐድል ይታወቃል፤ ያልተመዘገበው ግን ጠፍቶም አይፈለግም። የድረ ገጽ ባለቤት የሆነ ማኅበርም እንዲሁ የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በማን እንደ ሆነና መቼ እንደሚታደስ፣ ሰርቨሩ የት እንዳለ፣ ሶፍትዌሮቹ የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ የምስጢር ቍልፎቹም በማን እጅ እንዳሉ በዝርዝር ጽፎ መያዝ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ድረ ገጹን የሠራው አንድ ጐበዝ ወጣት ሥራ ለውጦ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳልና።

ሁለተኛው ማደስ ነው። በከፋዩና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውን ምስጢር የሚጠብቀው ሰርተፊኬት ቀኑ ሲያልፍ ብራውዘሩ «ይህ ስፍራ አያስተማምንም» ብሎ ከፋዩን ከደጅ ይመልሰዋል። የዚህም ሰርተፊኬት ዕድሜ ደረጃ በደረጃ እያጠረ ሄዶ በ2029 እ.ኤ.አ. 47 ቀን ብቻ እንዲሆን በ2025 እ.ኤ.አ. ተወስኗል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ አስታውሶ ማደስ የማይበቃበት ዘመን ይመጣል። ሶፍትዌሩም ቀዳዳ ሲገኝበት ሠሪዎቹ መድፈኛውን ያወጣሉ፤ የባንክ ካርድ ክፍያ የደኅንነት ደንብም አደገኛ ለሆነው ቀዳዳ የወጣው መድፈኛ በአንድ ወር ውስጥ እንዲጫን ያዝዛል። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢኩፋክስ የተባለው የብድር መረጃ ድርጅት እንዲህ ያለውን መድፈኛ በድረ ገጹ ላይ ሳይጭን በመቅረቱ፣ መድፈኛው በወጣ በሁለት ወር ገደማ ሌቦች ገቡበት፤ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችም መረጃ ተሰረቀ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህም ይሠራል።

ሦስተኛው ማመሳከር ነው። መረብ በሚቈራረጥበት አገር ከፋዩ ቍልፉን ይጫናል፤ መልስ ሲያጣ ደግሞ ይጫናል። በደንብ የተሠራ ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ የክፍያ ትእዛዝ ልዩ ቍጥር ስለሚሰጥ፣ ያው ትእዛዝ ደግሞ ቢመጣ አንድ መሆኑ ይታወቃል፤ በደንብ ያልተሠራው ግን ሁለት ጊዜ ይቀንሳል። ደግሞም ገንዘቡ በባንክ ሲያልፍ ድረ ገጹ ተዘግቶ ቢገኝ፣ ገንዘቡ ይሄዳል፤ መዝገቡ ግን ባዶ ይቀራል። ስለዚህ የባንኩ ሒሳብና የድረ ገጹ መዝገብ በየጊዜው ጐን ለጐን ሊታዩ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ መጠገን ማለት በዘፈቀደ መነካካት ማለት አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን እናስታውሳለን። ጉዳዩ የባንክ ሥርዓት እንጂ የአንድ ማኅበር ድረ ገጽ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ብዙ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩም መጠኑ ከ801 ሚሊዮን ብር እንደሚበልጥ አስታወቀ። ብሔራዊ ባንክ እንደ ገለጸው ችግሩ የመጣው በመደበኛ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ጊዜ እንጂ በሰርጎ ገቦች ጥቃት አልነበረም። ከዚህ የምንማረው ጥገናን መተው እንደሚገባ ሳይሆን፣ ለውጡን አስቀድሞ በሌላ ስፍራ መፈተን፣ የመዝገቡን ቅጂ ማስቀመጥ፣ ብልሽት ቢታይ ወደ ቀድሞው የሚመለሱበትን መንገድ ማዘጋጀትና ሰዓቱን ለከፋዮች ማስታወቅ እንደሚገባ ነው።

እንግዲህ በማኅበራችሁ፣ በዕድራችሁ ወይም በሰበካ ጉባኤያችሁ የድረ ገጽ ክፍያ ካለ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እነዚህን ጥያቄዎች ታነሡ ዘንድ እናሳስባለን። ድረ ገጹን በየወሩ የሚመረምረው ማን ነው? እርሱ ባይኖርስ ተተኪው ማን ነው? ክፍያው ያልተሳካለት ሰው በስንት ቀን ውስጥ ይነገረዋል? ለዚህስ ሥራ ከዓመቱ ገንዘብ ምን ያህል ተመድቧል? ጣራ እስኪያፈስ ሳይጠብቁ በየክረምቱ መግቢያ የሚያድሱ ሰዎች የዚህን ወጪ ጥቅም ለመረዳት አይቸገሩም። ድሀ ከዕለት ጕርሱ ቀንሶ የሚልከው ሃምሳ ብር ታምኖ የተሰጠ ዐደራ ነው፤ ዐደራም የሚጠበቀው በመልካም ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ቀን ቈጥሮ በመሥራት ነው።