የበጋው ደረቅ አየርና የቤታችን እርጥበት

በደጋው አገራችን ዝናቡ አባርቶ የሌሊቱ ቁር ሲበረታ፣ የከንፈር መሰንጠቅ፣ የጉሮሮ መከርከርና የሕፃናት ነስር በየቤቱ ይበዛል። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ በብርድ ያመካኛል። ይሁን እንጂ የአየሩም መድረቅ የራሱ ድርሻ አለው።

ቀዝቃዛ አየር ሊሸከም የሚችለው የውሃ ተን ጥቂት ነው። በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተን የጠገበ አየር እንኳ ወደ ቤት ገብቶ እስከ 20 ዲግሪ ሲሞቅ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 40 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። የበጋው አየር ደግሞ ከመነሻው ያልጠገበ ስለሆነ ከዚያም በታች ይዘቅጣል። ለመኖሪያ ቤት ተስማሚ የሚባለው ከ30 እስከ 50 ከመቶ ያለው ነው።

ሂውሚዲፋየር የተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ውሃን በጉም መልክ እየበተነ ይህን ጉድለት ያሟላል። ነገር ግን በውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ሳንባ እንደሚገባ መዘንጋት የለበትም። ስለሆነም ውሃው በየዕለቱ ይለወጥ፤ ማጠራቀሚያውም በየሦስት ቀኑ ተፈትጎ ይታጠብ፤ በሚገባም ይለቅለቅ። በረኪናም ሆነ ሌላ ፀረ ጀርም ከሚበተነው ውሃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። የቃኘው ሻለቃ ጀግኖቻችን በዘመቱባት በደቡብ ኮሪያ፣ ለዚሁ መሣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ፀረ ጀርም ኬሚካል ከ1994 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በየሱቁ ይሸጥ ነበር። ለንጽሕና የታሰበው ኬሚካል ከጉሙ ጋር ወደ ሳንባ እየገባ የብዙ ሕፃናትንና እናቶችን ሕይወት ቀጥፏል።

መሣሪያው ለሌለው ቤተሰብ፣ የታጠበ ልብስ ወይም ንጹሕ እርጥብ ፎጣ ማታ በመኝታ ክፍል ማስጣት ይረዳል። ጠዋት በመስኮቱ መስተዋት ላይ ብዙ ጠብታ ከታየ ግን እርጥበቱ ከልክ አልፏልና፣ ሻጋታ እንዳያበቅል መስኮቱ ይከፈት።

ከሁሉ አስቀድመን የምናሳስበው ግን የሚከተለውን ነው። ባል ለጥበቃ ወጥቶ በሚያድርበት ሌሊት፣ እናት ልጆቿን ለማሞቅና አየሩን ለማለስለስ ስትል በከሰል ምድጃ ላይ ማንቆርቆሪያ ጥዳ፣ በሩን ዘግታ ትተኛ ይሆናል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የውሃውም ተን አያከሽፈውም፤ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል። ስለዚህ ምድጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ፤ ልጆቹም በብርድ ልብስና በጋቢ ይሙቁ። ከደረቀ ጉሮሮ ጋር የሚነጋ ሌሊት፣ ከማይነጋው እጅግ ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በቤት እርጥበት የሚታከም አይደለምና፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።