የዊዳል ወረቀት ብቻውን አይበቃም
ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ወደ ክሊኒክ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዞለት ይመለሳል። ማስረጃው ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል በ1896 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የደም ምርመራ ነው። ምርመራው ግን የታይፎይድን ባክቴሪያ አያይም፤ የሚያየው ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ከቀድሞ ሕመም ወይም ከክትባት የተረፈ፣ አልፎ ተርፎም ሌላ ተዛማጅ ባክቴሪያ የቀሰቀሰው ሊሆን ይችላል። ታዲያ አንድ ጠብታ ደም እንዴት ለፍርድ ይበቃል? ጉዳቱ በከንቱ በተዋጠው ክኒን አያበቃም፤ ወባም ይሁን የሳንባ ምች፣ እውነተኛው በሽታ ሳይታከም ይከርማል፤ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን ይለማመዱታል። የተሻለው ምርመራ፣ ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር፣ ቀናት ይፈጃል፣ በየከተማውም አይገኝም። መንግሥት ካልቸር የሚሠሩ ላቦራቶሪዎችን ወደ ክልል ሆስፒታሎች ያስፋፋ፤ ሐኪሞችም በዊዳል ውጤት ብቻ አንቲባዮቲክ ማዘዝ ያቁሙ።