ጠባችን ከታብሌቱ ጋር አይደለም

ፊልም ከአዳራሽ ወጥቶ በእጅ በምትያዝ ታብሌት መታየቱ የጥበቡ ሞት ነው እያሉ ሙሾ የሚያወርዱ ወገኖች አሉ። ሐዘናቸው ከልብ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ሙሾው ግን ያለ ሬሳ ነው። ጽሑፍ ከብራና ወደ ወረቀት ሲሸጋገር ቅኔው አልጎደለበትም፤ አዝማሪው ከጠጅ ቤት ወደ ሸክላ ሲሻገር ዜማው አልነጠፈም። ታብሌትም ዕቃ ነው፤ ዕቃ ደግሞ የሚመሰገነውም የሚነቀፈውም በሚቀዳበት ነገር ነው።

ስለሆነም በቅድሚያ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «በታብሌቱ ላይ ፊልሙን ማን ይጭነዋል? የትኛውንስ ፊልም?» የሚለው ነው። እንደሚታወቀው ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ የሰጠው በየመናኸሪያውና በየገበያው ዳር ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የተቀመጠው ፊልም ጫኝ ነው። ወደ ገጠር ትምህርት ቤቱ የሚመለስ መምህር ሚሞሪውን ይሰጠዋል፤ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ተሞልቶ ይመለስለታል። 32 ጊጋባይት የሚይዝ ሚሞሪ፣ አንዱ ፊልም አንድ ተኩል ጊጋባይት ገደማ ቢሆን፣ 20 ያህል ፊልም ይችላል። ኢንተርኔት በማይደርስበት ቀበሌ ይህ ለወራት የሚበቃ ሲኒማ ቤት ነው። በውስጡ የሚገኘው ግን በአመዛኙ የሆሊውድ ተኩስ፣ የሕንድ ዘፈን፣ በአንድ ተራኪ ድምፅ ወደ አማርኛ የተመለሰ የባዕድ ታሪክ ነው። ያገር ፊልም ቢገኝም ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ሳያውቅ የተገለበጠ ነው።

ጫኙን ሌባ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያለ ፈቃድ እየተባዛ የሚሸጠው የደራሲው፣ የተዋናዩ፣ የካሜራና የመብራት ሠራተኛው እንጀራ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለንም። ይሁን እንጂ ሕግ የጎን በሩን ሲዘጋ ዋናውን በር የሚከፍት ከሌለ ሰው አጥር መዝለሉ አይቀርም።

ዋናው በር የቱ ነው? በደንበኝነት የሚከፈልባቸው የባሕር ማዶ የፊልም አገልግሎቶች ፊልሙን ወደ ታብሌት ማውረድ ይፈቅዳሉ፤ የወረደው ግን እግረ ሙቅ እንደ ገባ እስረኛ ነው። ከዚያው መተግበሪያ ውጭ አይከፈትም፤ ለሌላ ታብሌት ቢገለበጥ አይሠራም፤ አንዳንዱም ማየት በተጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። ያገራችን ፕሮዲዩሰሮችስ? ከፊሎቹ ሥራቸውን በዩቲዩብ ይለቃሉ፤ ይህ መልካም ቢሆንም ኢንተርኔት ላላገኘው ሰፊው ሕዝብ አይደርስም። ከፊሎቹ ደግሞ በመሳቢያ ቆልፈው «ተሰረቅን» ይላሉ። በመሆኑም ከፍሎ ለማየት የፈቀደው ሐቀኛ ተመልካች ባዶ እጁን ሲመለስ ሌላው በደስታ ይስተናገዳል።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተሠራውን «ሂሩት አባቷ ማነው?» ስንቱ ተማሪ ያውቀዋል? እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የተሸለመውን «ጤዛ» ስንቱ መምህር ለክፍሉ ለማሳየት ቅጂ ሊገዛ ይችላል? እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በመሬት ከበርቴ ሥር የሚማቅቅ የገበሬ ቤተሰብን ሕይወት ያሳያል። የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ዛሬ ታብሌት ይዟል፤ የአያቱ ታሪክ ግን በውስጡ የለም።

መፍትሔው በእጃችን ነው። ፊልም ሠሪዎች ሥራቸውን በመጠነኛ ዋጋ፣ ያለ ቁልፍ፣ በአብዛኛው ታብሌት በሚከፈተው ኤምፒ4 አዘጋጅተው ይሽጡ። መጠኑም ከ4 ጊጋባይት አይብለጥ፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ሚሞሪዎች በተሰናዱበት ፋት32 በተባለው አሠራር ከዚያ የበለጠ ፋይል አይገባምና። በልዩ ልዩ ቋንቋዎቻችን የግርጌ ጽሑፍ ይታከልበት። ፊልም ጫኙም ከሽያጩ ድርሻ የሚያገኝ ሕጋዊ ወኪል ይሁን። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የባህል አዳራሾች ከባለመብቶች ጋር ተዋውለው የፊልም መጫኛ ጠረጴዛ ይክፈቱ።

«ቁልፍ የሌለው ፋይል ይባዛል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ቁልፍ ያለውም ሲባዛ ኖሯል፤ ባለሙያው ግን እስከ ዛሬ ከዚህ ብዜት አንዲት ሳንቲም አላገኘም። የሚገዛበት ቦታ ቢኖር የሚገዛ ሰው አለ።

እንግዲህ የኪነ ጥበብ ሰው ሥራውን ከመሳቢያው ያውጣ፤ መምህሩ በክፍሉ ያሳይ፤ የባህል ሥራ ኃላፊው ውሉን ያዋውል። ሚሞሪው ባዶ አይቀመጥም። እኛ ካልሞላነው ሌላው ይሞላዋል።