ግድቡ አጠገብ ያለው ጉርብትና

የሥነ ልቦና ምሁሩ ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ 22 ታዳጊዎችን በሁለት ቡድን ከፍሎ አፎካከራቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተጠማመዱ። ያቀራረቧቸው ተባብረው ካልሆነ የማይፈቷቸው ችግሮች ነበሩ፤ አንዱ የውሃ መቋረጥ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው የህዳሴ ግድብም ኢትዮጵያውያንን በቦንድ ግዢ አስተባብሯል። ዳሩ ግን ጉባ በምትገኝበት በዚያው መተከል ዞን፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተጨፈጨፉ። ያሳዝናል፤ ያሳፍራልም።

የሸሪፍ ታዳጊዎች ውሃው ሲቋረጥ ቧንቧውን በእጃቸው አብረው ፈትሸው ነበር። የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የአማራ፣ የኦሮሞና የአገው ጎረቤታሞችም ስለ መሬት፣ ስለ ወረዳ ሥልጣንና ስለ ጸጥታ በእኩልነት ተቀምጠው የሚወስኑበት የጋራ ሥራ ያስፈልጋቸዋል። ቦንድ መግዛት ይህን አይተካም። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መንግሥት ይህን የጋራ ሥራ በግጭቱ የተፈናቀሉ ሰዎች ከሚመለሱባቸው ቀበሌዎች ይጀምር።