ያልተጠየቀው ሰው ዋጋ

በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሊሰናበት ሲቃረብ፣ በማርች ወር መጀመሪያ ላይ፣ አንድ የተቆረጠ ሰዓት አለ። ከዚያ ሰዓት በፊት የብሔራዊው የበረዶ ሆኪ ሊግ 32 ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ግን አዲስ ተለውጦ የመጣ ተጫዋች ለስታንሊ ዋንጫ በሚደረገው የመጨረሻ ፍልሚያ ሊሰለፍ አይችልም። በ2025 ቀነ ገደቡ የዋለው ማርች 7፣ ዓርብ ዕለት፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ በ9 ሰዓት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዚያ ዕለት ተንታኞች ከማለዳ ጀምረው በቴሌቪዥን መስኮት ተሰይመው «ማን አተረፈ? ማንስ ከሰረ?» ሲሉ ይውላሉ።

ስለ አገርና ስለ መንግሥት የሚጻፍበት ገጽ ስለ በረዶ ጨዋታ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚያገባው አለ። በዚያ ገበያ የሚለወጠው ሰው ነውና። ሰው በሚለወጥበት ስፍራ ሁሉ አስቀድሞ መነሣት ያለበት ጥያቄ ደግሞ የዋጋ ሳይሆን የፈቃድ ጥያቄ ነው። ተንታኞቹ የዘነጉት ይህን ነው። ፈቃድን መጠየቅ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ዛሬ የትርፍና የኪሳራ ጉዳይም ሆኗል።

እኛ የለመድነው የእግር ኳስ ዝውውርን ነው። አንድ ክለብ የሌላውን ተጫዋች ሲፈልግ ለክለቡ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከተጫዋቹ ጋር ደግሞ ለብቻ ተደራድሮ አዲስ ውል ይፈራረማል። ተጫዋቹ «አልሄድም» ካለ ነገሩ በዚያው ያበቃል። በሆኪ ግን ሰው በሰው፣ አለዚያም ወደፊት በሚመለመሉ ወጣቶች የምርጫ ተራ ይለወጣል፤ ውሉም እንዳለ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሄዳል። በውሉ ውስጥ «ያለ ፈቃዴ አልለወጥም» የሚል አንቀጽ ከሌለ፣ ተጫዋቹ ስልክ ተደውሎ ይነገረዋል እንጂ አይጠየቅም። ልጆቹ ትምህርት ላይ ቢሆኑ፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ብትሆን፣ ሻንጣውን አንሥቶ ወደማያውቀው ከተማ መብረር ግዴታው ነው።

ይህ ሥልጣን በባለቤቶች እጅ ምን ሲሠራ እንደኖረ ለማወቅ ወደ 1957 መመለስ ይበቃል። በዚያን ጊዜ ሊጉ 6 ክለቦች ብቻ ነበሩት። የዲትሮይት ሬድ ዊንግሱ አጥቂ ቴድ ሊንድሴይ በ1956-57 የውድድር ዘመን 30 ግቦችን ከማስቆጠሩም በላይ፣ ለግብ የሚሆኑ 55 ኳሶችን በማቀበል ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ነበር፤ በሆኪ «ኳስ» የምንለው ያቺ ክብ ጠፍጣፋ ጎማ መሆኗን ልብ ይሏል። ይህ ሰው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከሌሎች ክለቦች ተጫዋቾች ጋር መክሮ የተጫዋቾች ማኅበር አቋቋመ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ከደመወዛቸው ለጡረታ የሚቆረጠው ገንዘብ ወዴት እንደሚገባ ሒሳቡ ይታየን የሚል ነበር። መልሱ በጁላይ ወር መጣ። ሊንድሴይ ከግብ ጠባቂው ከግሌን ሆል ጋር፣ በዚያ ዓመት የሊጉ መጨረሻ ለነበረው ለቺካጎ ተላልፎ ተሰጠ። ማኅበሩም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም፤ የዝውውር ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃልና። በወረቀት ላይ ዝውውር ለሥራ ቅልጥፍና የተፈቀደ የአስተዳደር ተግባር ነው። በገቢር ግን አፉን የከፈተ መምህር ወይም የሒሳብ ሠራተኛ «ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ» በምትል አንዲት መስመር ከቤተሰቡ ተነጥሎ ወደ ሩቅ ወረዳ የሚሸኝባት መሣሪያ ስትሆን ታይታለች። ደብዳቤዋ «ቅጣት» አትልም፤ ተቀባዩም ሆነ በቢሮው የቀሩት ባልደረቦቹ ግን ቅጣት መሆኗን አይስቱም። የዲትሮይት ተጫዋቾችም ሊንድሴይ በሄደ ማግስት የገባቸው ይኸው ነው።

ታዲያ ሠራተኛውን ከዚህ የሚያድነው ማን ነው? መንግሥት ነው የሚሉ አሉ። ኦገስት 9 ቀን 1988 የኤድመንተን ኦይለርስ ባለቤት ፒተር ፖክሊንግተን የዘመኑን ታላቅ ተጫዋች ዌይን ግሬትዝኪን ለሎስ አንጀለስ ኪንግስ አሳልፎ ሲሰጥ ካናዳ በቁጣ ተናወጠች። በልዋጩ ሁለት ተጫዋቾች፣ ሦስት የመጀመሪያ ዙር የምርጫ ተራዎችና 15 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ተገኘ። የኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ የምክር ቤት ተጠሪ ኔልሰን ሪስ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ልውውጡን እንዲያግድ ጠየቁ። መንግሥትም አላገደም፤ ባያግድም ደግ አደረገ። ግሬትዝኪ ራሱ ለልውውጡ ፈቃዱን ሰጥቶ ነበርና! ሕዝቡም ፖለቲከኛውም «የእኛ ነው» ሲሉ ሰውየው ምን ይፈልጋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ባለቤት የሚነግደው ሰው፣ መንግሥት በግድ የሚያስቀረው ሰው ቢሆን፣ ሁለቱም ያልተጠየቁ ሰዎች ናቸው።

ተጫዋቾቹን ያዳናቸው መደራጀት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በ1967 ዳግም የተመሠረተው ማኅበር በየድርድሩ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ መብት አስገኘ። ዛሬ 27 ዓመት የሞላው ወይም 7 የውድድር ዘመን ያገለገለ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ወደ ፈለገበት መሄድ ይችላል፤ «ያለ ፈቃዴ አልለወጥም» የሚለውን አንቀጽ በውሉ ማስገባት የሚፈቀድለትም ከዚያ ደረጃ ሲደርስ ነው። ከ2010 ጀምሮ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በድምፃቸው ለዓመቱ ድንቅ ተጫዋች የሚሰጡት ሽልማት በሊንድሴይ ስም ይጠራል። የተቀጣው ሰው ስም የክብር ስም ሆነ።

አሁን ወደ 2025 ገበያ እንግባ። ሊጉ በ2004-05 አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን እስከ መሰረዝ ያደረሰ ጭቅጭቅ ካስተናገደ በኋላ ያጸደቀው የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ በ2024-25 ጣሪያው ለአንድ ክለብ 88 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ ባለጸጋ ክለብም እንዳሻው መግዛት አይችልም። ነገር ግን ሕጉ አንድ ክለብ የሰጠውን ተጫዋች ደመወዝ እስከ ግማሽ ድረስ ራሱ እየከፈለ እንዲያሰናብት ይፈቅዳል። ሦስተኛ ክለብም መካከል ገብቶ፣ ለራሱ ጥቅም አግኝቶበት፣ የደመወዙን ግማሽ ሊሸከም ይችላል።

የሚኮ ራንታነን ታሪክ ይህን ሁሉ በአንድነት ያሳያል። ፊንላንዳዊው አጥቂ ከኮሎራዶ አቫላንሽ ጋር በ2022 ዋንጫ ያነሣ፣ በዓመት 9.25 ሚሊዮን ዶላር የሚታሰብለት፣ ውሉም በ2025 በጋ የሚያልቅ ተጫዋች ነበር። በአዲስ ውል መስማማት ሲዘገይ ኮሎራዶ ጃንዋሪ 24 ቀን ለካሮላይና ሀሪኬንስ ለወጠው፤ በዋናነት ያገኘውም ማርቲን ኔቻስን ነበር። በዚህ ልውውጥ ቺካጎ የደመወዙን ግማሽ ተሸከመ። አንድም ቀን ለቺካጎ ያልተጫወተ ሰው ከቺካጎ ካዝና ግማሽ ደመወዙን በላ ማለት ነው። ራንታነን መለወጡን ፈጽሞ እንዳልጠበቀው በወቅቱ ተናግሯል።

ካሮላይና ትልቅ ስም ይዞ መጣ፤ ነገር ግን የሰውየውን ልብ ይዞ አልመጣም። ራንታነን በ13 ጨዋታ 2 ግቦችን ብቻ አስቆጠረ፤ ረዥም ውል ለመፈረምም አልተዘጋጀም። ዝም ብሎ ቢቀመጥ በጋው ላይ በነጻ ሊሄድ ነው። ስለዚህ ካሮላይና በገዛው በ42ኛው ቀን፣ በቀነ ገደቡ ዕለት፣ ለዳላስ ስታርስ መልሶ ሰጠው። ዳላስ ሎጋን ስታንኮቨን የተባለ የ22 ዓመት ወጣት፣ ሁለት የመጀመሪያ ዙርና ሁለት የሦስተኛ ዙር የምርጫ ተራዎች ከፈለ። ልዩነቱ ግን ዋጋው ላይ አይደለም። በዚያው ዕለት ራንታነን ለ8 ዓመት በ96 ሚሊዮን ዶላር ከዳላስ ጋር መፈራረሙ ተነገረ። ዳላስ የገዛው የጥቂት ወራት ጉልበት ሳይሆን ፈቃድ የታከለበት ፊርማ ነበር።

የተከተለውን ሁሉም ያውቀዋል። ሜይ 3 ቀን ዳላስና ኮሎራዶ በመጀመሪያው ዙር ሰባተኛ ጨዋታ ተገናኙ። ኮሎራዶ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ራንታነን ብቻውን ሦስት ግቦችን አስቆጥሮ ዳላስ 4 ለ 2 አሸነፈ። የቀድሞ ክለቡን ከውድድር ያስወጣው ሳይጠይቅ የሸኘው ሰው ነው።

በዚያው ቀነ ገደብ ብራድ ማርሻንድ ከ2009 ጀምሮ ከለበሰው ከቦስተን ብሩንስ መለያ ተለየ። አምበሉና ክለቡ በአዲስ ውል ላይ ሊስማሙ አልቻሉም፤ ፍሎሪዳ ፓንተርስ እንደ ውጤቱ ከፍ በሚል አንድ የምርጫ ተራ ብቻ ወሰደው። በፍጻሜው ኤድመንተን ላይ 6 ግቦችን አስቆጥሮ ዋንጫውን አነሣ። ወዲያው ከውል ነጻ የሚሆንበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ አልሄደም፤ ለ6 ዓመት ፈርሞ በወደደው ቀረ። በ2000 ማርች ሬይ ቦርክም ከ20 ዓመታት በላይ ያገለገለውን ቦስተንን «ዋንጫ ወደሚገኝበት አሰናብቱኝ» ብሎ ጠይቆ ወደ ኮሎራዶ ሄዶ በ2001 ዋንጫውን እንዳነሣ የሆኪ ወዳጅ ሁሉ ያስታውሳል።

የሚቃወመኝ ሰው ግን ጠንካራ ማስረጃ አለው። በ1991 ማርች ሃርትፎርድ አምበል የነበረውን ሮን ፍራንሲስን ለፒትስበርግ ሰጠ፤ ፒትስበርግ በዚያ ዓመትና በተከታዩ ዋንጫ በላ፤ ሃርትፎርድ በ1997 ክለቡን ጭራሽ አጣ። ያን ልውውጥ ትርፋማ ያደረገው የተጫዋቹ ፈቃድ አልነበረም። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያን ዘመን ኮከብ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም እንደ ዛሬው በቀላሉ ወደ ፈለገበት የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ዛሬ መውጫው በር ክፍት ነው። በሩ ክፍት በሆነበት ቤት ደግሞ እንግዳን በግድ ማሳደር አይቻልም። ካሮላይና የተማረው ይህን ነው።

«እነዚህ ሚሊየነሮች ናቸው፤ ምን ያሳዝናሉ?» የሚልም አለ። በ2024-25 የሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ 775,000 ዶላር ነበር፤ ስለዚህ ምጽዋት የሚለምን የለም። ደመወዝ ግን የጉልበት ዋጋ እንጂ የድምፅ ዋጋ አይደለም። በከፍተኛ ክፍያ የተሸፈነ ዝምታ ዝምታነቱ አይቀርም። ደግሞስ መብት ለድኻ ብቻ የሚገባ ከሆነ መብት መሆኑ ቀርቶ ምጽዋት ሆነ ማለት አይደለምን?

ሁሉም ተጫዋች ልውውጥን የመከልከል ሥልጣን ይኑረው አልልም። እንዲያ ቢሆን ገበያው ይቆማል፤ ደካማው ክለብም ደካማ እንደሆነ ይቀራል። የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። ከ27 ዓመት በታች ያለው ወጣት፣ እንደ ስታንኮቨን በሌሎች ሰዎች ድርድር መካከል የሚገኘው፣ ቢያንስ አስቀድሞ የመስማትና ሐሳቡን የመስጠት መብት ይኑረው። ቃሉ አስገዳጅ ባይሆንም ይደመጥ። ስታንኮቨን ራሱ በ2025 ጁላይ በካሮላይና የ8 ዓመት ውል ፈርሟል፤ ነገሩ በመልካም አልቋል። ነገር ግን በመልካም ማለቁ ዕድል ነው፤ መብት በዕድል ላይ አይቆምም። ከሴፕቴምበር 2026 እስከ ሴፕቴምበር 2030 የሚዘልቀው ስምምነት ሲያበቃ ማኅበሩ ይህን ጥያቄ በጠረጴዛው ላይ ሊያኖር ይገባል።

እስከዚያው ቀነ ገደቡ በደረሰ ቁጥር ተንታኞች ነጥብ ሲሰጡ ስንሰማ፣ «ስንት ተከፈለ?» ከሚለው አስቀድመን «ተጠይቋል ወይ?» እንበል። ጥያቄው ከበረዶው ሜዳ ውጭም ያገለግላል፤ ሎሌ ፈልጎ ወዳጅ ያጣ ጌታ በሆኪ ብቻ የሚገኝ አይደለምና።

ቸር ይግጠመን።