ሮዳጅ ያልጨረሰ ምስክር

ባለፈው ዓመት ሮቢት ቤታችን ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ስጠግን ከረምኩ። (ሮቢት ስል የሸዋዋን አይደለም፤ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የራያዋን ነው።) ኤጂ 100ን በስም ባታውቋት በመልክ ታውቋታላችሁ። የግብርና ባለሙያ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞርባት፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ ያላት፣ ሰንሰለቷ አቧራ እንዳይገባበት ዙሪያውን የተሸፈነ ሞተር ናት። ከመነሻውም ለእርሻ ሥራ ታስባ የተሠራች ስለሆነች የራያ አቧራና የማሽላ ማሳ መንገድ አይከብዳትም። እኔ ሳገኛት ግን የዶሮ ማደሪያ ሆና፣ የቤንዚን መያዣዋ ዝጎ፣ ማርሚታዋ በጥላሸት ተደፍኖ ነበር።

ግቢያችን የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ “ምን ቀለም ልትቀባት ነው?” ብሎ ነው። እኔም ብሆን ልቤ እዚያው ነበር። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ስቱኮ ለብጬ፣ ቀይ ቀለም ስቀባት ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ሞተሩን በእርግጥ አልዘለልኩትም። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስፍቼ በልኩ አዲስ ፒስቶንና ፋሻ አስገባሁ። ቱ ስትሮክ ስለሆነች ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠለውን ዘይት የሚልክ ትንሽ ፓምፕ አላት፤ ከቀጭኗ ቱቦ ውስጥ አየሩን አስወጣሁ። በዚያ ቱቦ አየር ከቀረ ዘይት አይደርስም፣ ፒስቶኑም ግሎ ያብጥና ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

የዘለልኩት ሮዳጁን ነው። አዲስ ፋሻና አዲስ የሰፋ ሲሊንደር ለዓይን ለስላሳ ይመስላሉ እንጂ ገና እርስ በርስ አልተላመዱም። ቀስ እያሉ መፋቀቅ፣ መሞቅ፣ መቀዝቀዝ፣ እንደገና መሞቅ አለባቸው። ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳጅ መስጫው ሙሉ አይጠመዘዝም፣ ከባድ ጭነት አይጫንም፣ መንገድ ላይ እየቆሙ ማሳረፍ ነው። እኔ ግን በግንቦት ፀሐይ አንድ ኩንታል ማሽላ ከኋላ ጭኜ እየጋለብኩ ወደ ቆቦ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ድምፅዋ ቀጠነ፣ የኋላ ጎማዋ ድንገት ቆለፈ። ፍሪሲዮን ባልይዝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ጌታ ይመስገን። ፒስቶኑን አውጥተን ያየው ሽማግሌ መካኒክ ሳቀብኝና “አንተ ልጅ፣ መልኳ ነው ያታለለህ” አለኝ።

ይህን ሲለኝ አንድ ወንድም ትዝ አለኝ።

የእኛ ኅብረት ትንሽ ናት። አብዛኛው ጎረቤታችን ኦርቶዶክስና ሙስሊም በሆነበት አገር አንድ ሰው ሲጠፋም ሲመለስም ሁሉም ያውቀዋል። ይህ ወንድም ከጦርነቱ በኋላ አረቄ ያዘው፤ ከጉባኤ ራቀ፣ ቤቱም ተጎሳቆለ። ከብዙ ጸሎት በኋላ አንድ እሑድ እያለቀሰ ገባ። ሰማይ ደስ እንዳለው እኛም ደስ አለን። በሦስተኛው ሳምንት ማይክ ሰጠነው። በሁለተኛው ወር የወጣቶች ጸሎት መሪ አደረግነው፣ ከዚያም በየኮንፈረንሱ “አረቄ የተወው ወንድም” እያልን ይዘነው ዞርን። ማይኩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩትም እኔ ሳልሆን አልቀርም። በአምስተኛው ወር ከእንደዚህ ያለ ጉባኤ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠጣ። አሁን ኀፍረቱ እጥፍ ስለሆነ አይመጣም። ቀለም ቀብተን ኩንታል ጫንንበት።

“እሱ ራሱ ወደቀ እንጂ ቤተ ክርስቲያን ምን አደረገች?” የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። ሐዋርያው ጳውሎስ አዲስ አማኝን በጉባኤ ላይ እንዳይሾም ጢሞቴዎስን የሚያስጠነቅቀው በሹመቱ ምክንያት ሰውየው በትዕቢት እንዳይወድቅ ነው (1ኛ ጢሞ. 3፥6)። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለሚሾመው እንጂ ለሚሾመው ሰው ብቻ አይደለም፤ ማለትም ለሿሚው ነው፣ ለእኛ ነው። ራሱ ጳውሎስም ከደማስቆ በኋላ ወደ ዓረብ አገር ሄዶ፣ ኢየሩሳሌም የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ እንደሆነ ይነግረናል (ገላ. 1፥17-18)።

“ጌታ በጌርጌሴኖን አገር የፈወሰውን ሰው በዚያው ቀን ለምስክርነት ልኮት የለም?” ትሉኝ ይሆናል። ልኮታል። ጳውሎስም ደማስቆ ውስጥ ወዲያው ሰብኳል። ግን ያ ሰው የተላከው ወዴት እንደሆነ እዩ፤ ከጌታ ጋር በታንኳ ልሂድ ብሎ ሲለምን ተከልክሎ ወደ ቤቱ፣ ወደ ገዛ ወገኖቹ ነው የተላከው (ማር. 5፥18-19)። እብደቱን የሚያውቁ፣ ጠዋትና ማታ የሚያዩት ሰዎች ናቸው። አጭር መንገድ፣ ቀላል ጭነት ነው። በሮዳጅ ላይ ያለች ሞተርም አትቆምም፤ ከቆመችማ ፋሻዋ መቼም አይላመድም።

ስለዚህ ለመሪዎቻችን የምለው ይህ ነው። የተመለሰ ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ማይክ አይሰጠው። ወንበር ይደርድር፣ ለቅሶ ቤት አብሮን ይሂድ፣ ከልጆቹ ጋር ማታ ማታ ይጸልይ። በርናባስ ጥሎ የሄደውን ማርቆስን እንደወሰደው (ሐዋ. 15፥39) አንድ ሰው ይያዘው፤ ኮሚቴ አያስፈልግም። ኮንፈረንስ ላይ ሰው የሚያስለቅስ ምስክርነት ቢያንስብን ምንም አንጎዳም።

ሲሊንደሩን እንደገና አስፍቼ ሌላ ፒስቶን ገዛሁ፤ ኪሴ ያውቀዋል። አሁን 300 ኪሎ ሜትር አልፋለች። ባለፈው ሐሙስ ቀስ ብዬ እየነዳኋት እዚያ ወንድም ደጅ ሄድኩ። ድምፅዋን ሰምቶ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋና “ሚኒሞዋ ከፍ ብሏል” አለኝ። ካቻቢቴ ሰጠሁት። ካርቡራቶሩ አጠገብ ተቀምጦ ሲያስተካክል እኔም መሬት ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ስለ እሑድ አላነሳሁበትም።