ስለ ሎኬሽንና ስለ በራችን ቁጥር



በዛሬው ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ሁላችንም በየቀኑ የምናገኘው ነው። ዕቃ የሚያመጣውም፣ ለቅሶ የሚመጣውም፣ የራይድ ሾፌሩም «ሎኬሽን ላኩልኝ» ይላል። እኛም እንልካለን። ትንሽ ቆይቶ ግን መልሶ ይደውልና «ደርሻለሁ እኮ፣ የት ናችሁ?» ይላል። ከዚያ ያው እንደ ድሮው «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ በል፣ በስተግራ የመጀመሪያውን ቅያስ ያዝ፣ ቀይ የቆርቆሮ በር ታገኛለህ» ማለት እንጀምራለን። ከዚህም የተነሣ «ይኼ ጂፒኤስ የሚሉት ነገር አይረባም» ሲባል እሰማለሁ። በበኩሌ በዚህ አልስማማም። ሰማይ ላይ ያለው ሥራውን በደንብ ይሠራል። ያልተሠራው መሬት ላይ ያለው፣ የእኛው ድርሻ ነው። ይህንንም ለማስረዳት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሜ ላቅርብ። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ ስለማያልፍ፣ የሚያውቁ ሰዎች ያስረዱኝን በገባኝ መጠን ነው የምጽፈው።

የቴሌቪዥን ዲሻችን የሚያየው ሳተላይት በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞር ከአንድ ቦታ የማይነቃነቅ ይመስላል። ዲሹን አንዴ አስተካክለን የምናስረው ለዚህ ነው። ቦታ የሚነግሩን ሳተላይቶች ግን ሌሎች ናቸው። ጂፒኤስ የሚባሉት የአሜሪካኖቹ በ20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው በቀን ሁለት ጊዜ መሬትን ይዞራሉ። ለሥራው ቢያንስ 24 ያስፈልጋሉ፤ አሁን ከዚያ በላይ አሉ። ሩሲያ ግሎናስ፣ አውሮፓ ጋሊሊዮ፣ ቻይና ቤይዱ የሚባሉ የየራሳቸውን አቁመዋል። የአሁኖቹ ስልኮች አብዛኞቹ ከአንድ በላይ የሆኑትን ይሰማሉ።

«ይሰማሉ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ሰው «ሳተላይቱ ከላይ ያየኛል» ብሎ ይፈራል። እንደዚያ አይደለም። ስልካችን ለእነዚህ ሳተላይቶች ምንም አይልክም፤ ጣቢያ እንደሚሰማ ሬድዮ ያዳምጣል እንጂ። ሳተላይቱም ሳያቋርጥ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ላይ ነው፣ ሰዓቱም ይህ ነው» እያለ ያስተላልፋል። የቀረውን ሒሳብ የሚሠራው ስልኩ ነው።

ሒሳቡን በክረምት ሁላችንም እናውቀዋለን። መብረቅ ብልጭ ሲል ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ስንቆጥር፣ በየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል እንደራቀ እናውቃለን። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳልና። የሳተላይቱ መልእክት ግን በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከላይ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይፈጅበትም። ስልኩ «መቼ ተነሣ? መቼ ደረሰኝ?» ብሎ ልዩነቱን ወደ ርቀት ይለውጠዋል።

አንድ ርቀት ብቻውን ግን ቦታ አይነግርም። አንድ ሰው «ከቤተ ክርስቲያኑ 300 ሜትር ላይ ነኝ» ቢለን በየትኛው በኩል እንደሆነ አናውቅም። «ከድልድዩም 200 ሜትር ነኝ» ቢል ሁለት ቦታ ብቻ ይቀራል። «ከወፍጮ ቤቱም 150 ሜትር» ካለ ያለበት ተለየ ማለት ነው። ስልኩም እንዲሁ የሦስት ሳተላይቶችን ርቀት ያገናዝባል። አራተኛ ሳተላይትም ያስፈልገዋል። ምክንያቱም የስልካችን ሰዓት እንደ ሳተላይቱ የአቶም ሰዓት ትክክለኛ ስላልሆነ፣ ስሕተቱን የሚያርመው በአራተኛው ነው። የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት ብቻ 300 ሜትር ያሳስታል፤ ይህ ደግሞ በእኛ ሰፈር ሌላ ቀበሌ መግባት ነው። እንዲያውም ከላይ ያለው ሰዓት ከምድሩ ሰዓት በቀን በ38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። አይንስታይን ያስተማረው ይህ ነገር ባይታረም ኖሮ ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርስ ነበር።

ይህ ሁሉ የተጀመረው ለጦር ሠራዊት ነው። የመጀመሪያው የጂፒኤስ ሳተላይት የተላከው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መሥመሩን ስቶ ሶቭየት ኅብረት ሰማይ ውስጥ በመግባቱ ተመትቶ ወደቀ፤ 269 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ነው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥራው ሲጠናቀቅ ለሲቪል ሰዎችም በነፃ እንደሚሰጥ ያስታወቁት። እንደዚያም ሆኖ ለሲቪሉ የሚሰጠው ሆን ተብሎ እስከ 100 ሜትር እንዲሳሳት ይደረግ ነበር። ይህ የቀረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው። ዛሬ አንድ ተራ ስልክ ደጅ ላይ፣ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ሲሆን 5 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚስተው። ለዚህም ማንም ገንዘብ አይጠይቀንም።

እንግዲህ ይህን ያህል የሚያውቅ ነገር ከእኛ በር ላይ ሲደርስ ለምን ይሳሳታል? ሁለት ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው ቆርቆሯችን ነው። ከዚያ ሁሉ ርቀት የሚመጣው መልእክት እጅግ ደካማ ስለሆነ የቆርቆሮ ጣራና ወፍራም ግድግዳ ያግደዋል። ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ ሆኖ ሎኬሽን የሚልክ ሰው ስልኩ በግምት ያገኘውን ነው የሚልከው። ረጅም ፎቅ አጠገብም መልእክቱ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ መንገዱ ረዝሞበት ያሳስታል።

ሁለተኛውና ዋናው ካርታው ነው። ሳተላይቱ ነጥብ ይሰጣል እንጂ መንገድ አያውቅም፤ በር አያውቅም፤ ስም አያውቅም። መንገዱን ካርታ ላይ የሚሥለው ሰው ነው። ባለፈው ክረምት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በሌሊት አንዲት እኅታችንን ምጥ ያዛትና አምቡላንስ ተጠራ፤ ሎኬሽንም ተላከ። ሾፌሩ ስልኩ ያሳየውን ተከትሎ መጥቶ ከወንዙ ማዶ ቆመ። መብራቱን ከዚህ ሆነን እናየዋለን፣ እንጠራዋለን፣ ወንዙ ሞልቶ ድምፃችን አይሰማም። ዞሮ በድልድዩ እስኪመጣ 25 ደቂቃ ሄደ። ተመስገን ነው፣ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። የተላከው ነጥብ ግን ትክክል ነበር። የእኛ ቅያስ ካርታው ላይ ስለሌለ ስልኩ ለነጥቡ የሚቀርበውን የተሣለ መንገድ መረጠ፤ እሱም የማዶው ሆነ። ሾፌሩንም ሳተላይቱንም መውቀስ አይገባም። መንገዳችንን ያላስመዘገብን እኛው ነን።

«እኛ ሎኬሽን ሳይኖር ስንት ዘመን ኖረናል» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። እውነታቸውን ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በጨለማም ቢሆን የማንም በር አይጠፋበትም። ነገር ግን በሌሊት የሚመጣው የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ሾፌር የሰፈራችን ልጅ አይደለም። ደግሞም ምልክት የምንለው ነገር አይዘልቅም። በከተማችን ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስንቱ ሱቅና ስንቱ አጥር እንደተነሣ ታውቃላችሁ። ትናንት «ከዳቦ ቤቱ ጎን» ያልነው ዛሬ ዳቦ ቤት የለም። ስም ግን ይዘልቃል፤ ዛሬ ሰባራ ባቡር የሚል ሰው ባቡሩን አይቶ አይደለም።

በአንጻሩ ደግሞ «ሎኬሽን ካለ የበር ቁጥር ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። የ5 ሜትር ስሕተት በእኛ ሰፈር የሦስት ቤት በር ነው። ሾፌሩ ከቅያሱ ሲገባ የሚያየው ተመሳሳይ ቆርቆሮ ነው። ለመጨረሻዋ 5 ሜትር የሚረዳው በር ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው።

ስለሆነም የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እያንዳንዱ ቤት ቁጥሩን በበሩ ላይ፣ በሌሊት በባትሪ መብራት እንዲነበብ አድርጎ በትልቁ ይጻፍ። ቀለሙን ማኅበሩ በጋራ ቢገዛው ወጪው ለማንም አይከብድም። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሁለተኛ፤ ስም የሌላቸው ቅያሶች በስብሰባ ተስማምተን ስም ይውጣላቸው፤ በመግቢያቸውም ታፔላ ይሰቀል። ከዚያ ወጣቶቻችን ካርታው ላይ ያስገቡልን። ጉግል ማፕ የጎደለ መንገድና ስም ሲጠቆም ተቀብሎ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ደግሞ ማንም ሰው መንገዱን ራሱ እንዲሥልበት የተዘጋጀ ነው።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቀን ጊዜ ወስዶ፣ ስልኩን ይዞ ከበሩ ውጭ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ይቁም። አንድ ደቂቃ ይጠብቅ። ከዚያ ሎኬሽኑን በቴሌግራም ለራሱ ልኮ ያስቀምጥ፤ በችግር ጊዜ የሚላከው ይህ የተቀመጠው ይሁን። ኢንተርኔት ለሌለው ሰውም መላ አለ። ስልኩ ቦታውን ለማወቅ ኢንተርኔት የግድ አያስፈልገውም፤ ካርታውን ለማየት ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም አስቀድሞ ሊወርድ ይችላል። ቦታው በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ አዲስ አበባ ላይ አንደኛው በ9 አካባቢ፣ ሁለተኛው በ38 ይጀምራል። ከነጥቡ በኋላ አራት አኃዝ ከተያዘ 11 ሜትር ያህል ድረስ ይለያል። ይህን በር አጠገብ በወረቀት ጽፎ መለጠፍ፣ በሥልክ ማንበብም ይቻላል። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ጎረቤት ይሥራላቸው።

አራተኛ፤ አምቡላንስ ሲጠራ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ቅያሱ አፍ ላይ ይውጣ። ሎኬሽን ሰው መላክን አያስቀርም። በቅያሱ ላይ የተቆለለ አሸዋና ድንጋይም ካለ ባለቤቱ ያንሣ፤ በሳተላይት የመጣ መኪና በአሸዋ ክምር መቆም የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ሳተላይቱ አያየንም ብያለሁ፤ ሎኬሽናችንን የምንልክለት ሰው ግን ያያል። ለማናውቀው ሰው አንላክ። አምሽተው የሚመጡ ልጆቻችን አካሄዳቸውን ለቤተሰብ የሚያሳይ ሎኬሽን ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት መክፈት ይችላሉ፤ መልካም ነገር ነው። ቤት ሲገቡ ግን ይዝጉት። «ቁጥር ከጻፍን ሌባ ያገኘናል» ለሚሉም፤ ሌባ ቁጥር አንብቦ አይመጣም። ቁጥር የሚያነበው ሊረዳን የሚመጣው ነው።

ይህ የእኔ የግል አስተያየት ነው። በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ በአጀንዳ እንዲያዝ ጠይቄአለሁና ሁላችሁም መጥታችሁ ተቃውሞም ካላችሁ ተናገሩ። ክረምቱ ሳይገባና ወንዙ ሳይሞላ ቢያንስ የበር ቁጥሩን እንጨርስ። ለቅያሳችሁ የምትመርጡትን ስም ከወዲሁ ከጎረቤት ጋር ተመካከሩበት።

የማኅበሩ ጸሐፊ